ተረካቢ ያጣ ጽዋ

የወረዳዬን ስም አልጽፍም። የቁይ ሰው ቢያነበው የአምበር ነው ይበል፤ የአምበሩም የጉንደ ወይን ነው ብሎ ይሳቅ። ከደብረ ማርቆስ ብዙ የማይርቅ፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ አዳራሽና በክረምት ጫማ የሚያስቀር አንድ ገበያ ያለው ወረዳ ነው ካልሁ ይበቃል። ስሙን የደበቅሁት ባለሥልጣኖቹን ለመሸፈን እንዳይመስላችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚያፍሩት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝና፣ ለራሴም ትንሽ መጠለያ ብፈልግ አይፈረድብኝም።

ያን ጊዜ በቀበሌያችን ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። በዚያ ላይ የወረዳው ምክር ቤት አባል ነበርሁ። ያስመረጠኝ አፌ ነው። በስብሰባ ላይ የማዳበሪያ ወይም የመንገድ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ጎረቤቴ አያ ካሴ አንድ ቀን ተነስተው፣ ይችን ሴት ወደዚያ ብንልካት እኛም ጆሯችን ያርፋል፣ እነሱም ይነቃሉ አሉና ስንዱ ብለው ስሜን ጠሩ። ሰው እየሳቀ እጁን አወጣ። እኔም እየሳቅሁ ተመረጥሁ።

አያ ካሴ ገበሬ ናቸው። የሚካኤል የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው፤ በእኛ አገር የማኅበር ሰብሳቢ ሙሴ ይባላል። ማኅበሩ በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በተራ በአንዳችን ቤት ይጠጣል። ቄስ ሞላ ይባርካሉ፣ ጽዋው ይዞራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። በመጨረሻም የዕለቱ ደጋሽ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ለመጪው ወር ተረኛ ያስረክባል። ተረኛው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ባለቤቴ የሞተ ዓመት፣ እኔ ከሐዘን ቤት ሳልወጣ ጤፌን አጭደው የከመሩልኝ የዚህ ማኅበር ሰዎች ናቸው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ የሆነው ነገር ለምን እንደዚያ እንደከበደኝ እንዲገባችሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ ነው። ለበጀት ጉባኤ ሐሙስና ዓርብ ተቀምጠን፣ ሰኞ ቃለ ጉባኤው ተነብቦ ሊጠቃለል ቀጠሮ ተይዟል። መካከል ላይ ያለው ቅዳሜ ሐምሌ አሥራ ሁለት ነው፤ የማኅበሩ ደጋሽም እኔ ነኝ። ጠላው ተጠንስሶ፣ ጎረቤት እየጠበቀልኝ፣ ልቤ ከአዳራሹ ይልቅ ከጋኑ ጋር ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ወፍራም ሰነድ ታደለን። ማታ ከማድርበት ዘመድ ቤት ተረጋግቼ አነበዋለሁ ብዬ በብብቴ ያዝሁት። ከአዳራሽ ስንወጣ ዝናቡ ወረደ፤ ጥላ አልያዝሁም። ሰነዱን ራሴ ላይ ደፍቼ ሮጥሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በላይ አልተጠቀምሁበትም። ገጾቹ ረጥበው ተጣበቁ፤ ዓርብ ጠዋትም ከቦርሳዬ ሳላወጣው ወደ ጉባኤው ሄድሁ።

ሰባተኛው አጀንዳ የመጣው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። የጾም ቀን ስለሆነ ቁርስ የቀመሰ ብዙ ሰው የለም፤ ከአዳራሹ ጀርባ የሚሠራው ሽሮ በመስኮቱ ይሸታል። አፈ ጉባኤው የደንቡን ርእስ አነበበ፤ የአመራር ማበረታቻ ማሻሻያ ይላል። ዝርዝሩ በእጃችሁ ስላለ፣ ጊዜ ለመቆጠብ በቀጥታ ወደ ድምፅ እንሂድ አለ። ጊዜ ለመቆጠብ የሚለው ቃል ለተራበ ሰው እንዴት እንደሚጥም አትጠይቁኝ። እጃችንን አወጣን። የተቃወመ ተባለ፣ የለም። ድምፀ ተአቅቦ ተባለ፣ የለም። ወዲያው ፎቶ የሚያነሳው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ፎቶው አልወጣልኝም፣ አንዴ ድገሙልኝ ብሎ ለመነን። ደገምንለት። እኔ ከፊት ወንበር ነበርሁና፣ ፎቶ ነው ብዬ እጄን ከመጀመሪያው ይልቅ አስረዘምሁት። አንድ ደንብ ላይ ሁለት ጊዜ እጅ ማውጣት የእኔ ዕጣ ሆነ።

ከምሳ በኋላ የውሎ አበል ተከፈለን። ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሚካኤል ለድግሱ ላከልኝ አልሁ በልቤ። በዚያው ገንዘብ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ለድፎ ዳቦውም ዱቄት ገዛሁና በባጃጅ ወደ ቀበሌዬ ገባሁ። ያን ምሽት ድፎው ሲጋገር ቤቴ ሞቆ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ የማኅበሩ ሰዎች አንድም ሳይቀሩ መጡ። ወትሮ ከደጄ ሳይደርሱ የመምህርቷ ጠላ ፊደል ያስቆጥራል እያሉ የሚያሾፉብኝ ሰዎች፣ ያን ቀን ጋቢያቸውን ከዝናቡ እያራገፉ ዝም ብለው ገቡ፤ ዝም ብለውም ተቀመጡ። እንዴት ናችሁ ስላቸው እግዚአብሔር ይመስገን ከማለት በቀር ወሬ የቀጠለ የለም። ዝናቡ አድክሟቸው ነው አልሁ። ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ ዝናብም ምክንያት ይሆነዋል።

ቄስ ሞላ ጸሎት አድርሰው ባረኩ። ጽዋው ዞረ። ሁሉም እየተነሳ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ። ከዚያ እንጀራውን ዘርግቼ ወጡን አቀረብሁ፤ ድፎውን እንዲቆርሱ ቢላውን ለቄስ ሞላ ሰጠሁ። ቢላውን ተቀበሉኝና ቀስ አድርገው ከድፎው አጠገብ አስቀመጡት።

ብሉ እንጂ አልሁ። ማንም እጁን አልዘረጋም። አፈር ስሆን ቅመሱልኝ አልሁ። በእኛ አገር አፈር ስሆን ተብሎ ዝም አይባልም፤ የጠገበ ሰው እንኳ ለወጉ አንድ ጉርሻ ይቆርሳል። ያን ቀን ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ቄስ ሞላን እርስዎስ አባ ብላቸው፣ ጾም ላይ ነኝ ልጄ አሉኝ። የምን ጾም ብዬ ጠየቅሁ። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ሳምንት ሆኖታል፣ ቀኑም ቅዳሜ ነው። ቄስ ሞላ ውሸት አልለመዱምና ዓይናቸውን ወደ መስቀላቸው መለሱ።

በዚህ ጊዜ አያ ካሴ ከጋቢያቸው ውስጥ ስልካቸውን አወጡና ወደ እኔ አዞሩት። ደብረ ማርቆስ የምትማር ልጃቸው ናት የላከችላቸው። የዓርቡ ፎቶ ነው። ከኋላዬ አዳራሽ ሙሉ እጅ ተነስቷል፣ ከፊት ደግሞ እኔ፣ እጄ ከሁሉ ረዝሞ። ሳላፍር ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የታየኝ ፎቶው ላይ ጥሩ ሆኜ መውጣቴ ነው። ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብሁ፤ ምክር ቤቱ ደንቡን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ ይላል። አንድ ሰው ደግሞ ከደንቡ አንዱን ገጽ ፎቶ አንስቶ አብሮ ለቆታል። የአመራሩ፣ የትዳር አጋሩና የልጆቹ የሕክምና ወጪ በመረጡት የግል ሆስፒታል ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል ይላል። ከዚያ በታች የሰው ቁጣ ነው፤ በጣቴ ወደ ታች ብገፋው ብገፋው አላልቅ አለ።

የአያ ካሴ ባለቤት እትዬ ጠጅቱ ከጥጉ ተቀምጠዋል። ደም ብዛት አለባቸው። የጤና መድን መዋጯቸውን በየዓመቱ ሳያጓድሉ ይከፍላሉ፤ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ግን መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ ይባላሉ። ከውጭ የተገዛውን ክኒን ለማብቃቃት ለሁለት እየገመሱ ነው የሚውጡት። ይህን ከማንም የሰማሁት አይደለም። የሚገምሱበትን ምላጭ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

"ይች እጅ ያንች ናት?" አሉኝ አያ ካሴ።

"የእኔ ናት። ግን ዝርዝሩ አልተነበበልንም አያ።"

"ወረቀቱ አልተሰጣችሁም?"

"ተሰጥቶናል።"

"እና አላነበብሽውም?"

አያ ካሴ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ከፍ ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር።

"ልጆቻችነን ሳታነቡ ገለበጣችሁ እያልሽ ጆሮ የምትቆነጥጭ አንች አይደለሽም?" አሉ። "እኔ ስንዱ ሌባ ናት አልልም። ያወጣሽው ያንችን እጅ ቢሆን ምን ገዶነ። የእኛን እጅ ነው ያወጣሽ። ይች ጠጅቱ እጇን አውጥታ፣ የእኔን ክኒን ለእነሱ ስጡልኝ ያለች ነው የሚመስል።"

አዳራሽ ሙሉ ሰው እያለ በእኔ ብቻ ለምን ይፈረዳል፣ ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ ወይ ብዬ ተንጨረጨርሁ። አያ ካሴ እስክጨርስ ጠበቁኝና፣ ሌላውን የመረጡት ይጠይቁት፣ አንችን የመረጥነ እኛ ነነ አሉ። ከዚያ ተነሱ።

"የሚካኤልን ጽዋ ቀምሰናል፤ እሱ በደል የለበትም። ያንችን እህል ግን አንቀምስም።"

ሰው ሁሉ አብሯቸው ተነሳ። የቀረኝ አንድ ነገር ጽዋውን ማስረከብ ነው። የመጪው ወር ተረኛ እትዬ ጠጅቱ ናቸው። ጽዋውን በነጩ ጨርቅ ሸፍኜ ፊታቸው ቆምሁ። እጃቸው ከነጠላቸው ውስጥ አልወጣም።

"አንችን ጠልቼ አይደለም ስንዱ" አሉኝ። "እጄ እምቢ አለኝ።"

ወደ ቄስ ሞላ ዞርሁ። ጽዋው ተረካቢ እስኪመጣ እዚሁ ይቆይ አሉና በረኖሳቸውን ደርበው ወጡ። በማኅበራችን ጽዋ ተረካቢ አጥቶ ማደሩን ከዚያ በፊት አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እልልታ የለ፣ ምርቃት የለ፣ የእግራቸውን ድምፅ ከጭቃው ውስጥ እየሰማሁ በሩ ላይ ቀረሁ። ከኋላዬ ሙሉ ማዕድ፣ ያልተቆረሰ ድፎ፣ በእጄም ጽዋ።

ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተናደድሁት በእነሱ ነው። ለዚህ ቀበሌ የሮጥሁትን ሁሉ ቆጠርሁ፤ የድልድዩን አቤቱታ፣ የማዳበሪያውን ሰልፍ፣ ለስንቱ ማመልከቻ እንደጻፍሁ። ውለታ የሚቆጥር ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን ላለማየት ነው የሚቆጥረው፤ ይህ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። ሰነዱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ገጾቹ እንደተጣበቁ ናቸው። ከድፎው አጠገብ የቀረውን ቢላ አንስቼ አንድ በአንድ አላቀቅኋቸው፤ ከምድጃው አጠገብ እያደረቅሁ፣ ተማሪዎቼን እንደማስነብበው ከርእሱ ጀምሬ አነበብሁ። ለአመራሩ የቤት አበል አለ። የትዳር አጋሩ በሌላ ከተማ ብትኖር ለእሷም ሌላ የቤት አበል አለ። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ከሥልጣን ሲወርድም የመቋቋሚያ ገንዘብ አለ። ከእነዚህ ሁሉ በታች፣ በአንዲት መስመር፣ የምክር ቤት አባላት የውሎ አበልም በዚሁ አግባብ ይሻሻላል ይላል። ዓርብ ለምን እንደተትረፈረፈልኝ ያኔ አወቅሁ። በመጨረሻው ገጽ ደግሞ ወጪው ከየት እንደሚሸፈን ተጽፏል፤ ለጤና ጣቢያው ግዥ ከተያዘው ላይ ተዛውሮ ይላል።

ይህን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ድፎው ፊት ለፊቴ ነው። ዱቄቱ የተገዛው በምን እንደሆነ አውቄ ሳየው አለቀስሁ። ስሜ በመጥፋቱ አልነበረም ያለቀስሁት። እትዬ ጠጅቱ እጄ እምቢ አለኝ ሲሉኝ፣ የእሳቸው እጅ ከእኔ እጅ ይልቅ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጽዋውን ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጬ ወደ ከተማ ወረድሁ። አፈ ጉባኤው ከአዳራሹ በር ጠብቆ ለብቻዬ ወሰደኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁ በኩላሊት ታምሞበት አዲስ አበባ ሲመላለስ በሬውን እንኳ የሸጠ ሰው ነው፤ ለእሱ ያ ደንብ ስስት ሳይሆን መዳኛ ነበር። ይህን ማወቄ ነገሩን አላቀለለልኝም።

"መምህርት፣ የትምህርት ቤትሽ ጣሪያ ቆርቆሮ በዚሁ በጀት ውስጥ አለ። ታውቂያለሽ አይደል?" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልሁት። የሦስተኛ ክፍል ጣሪያ ያፈስሳል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንሁት እኔ ነኝ።

"እንግዲያው ዛሬ በሰላም ይለቅ።"

ገብቼ ተቀመጥሁ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ያነብ ጀመር። እኔ ደግሞ በልቤ ቆርቆሮና ክኒን እመዝናለሁ። ዝናብ የሚወርድባቸው ልጆች በአንድ ወገን፣ የእትዬ ጠጅቱ ምላጭ በሌላ ወገን። ሁለቱን የሚያጣላቸው ምን እንደሆነ ሳስብ ነው ነገሩ የበራልኝ። እነዚህ ሁለቱ ጠላቶች አልነበሩም። ሦስተኛው ነገር፣ ያ ደንብ፣ መካከላቸው ገብቶ፣ እኔን አንዱን ምረጪ ይለኛል።

"ሰባተኛው አጀንዳ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" አለ ጸሐፊው። ማስተካከያ ያለው ተባለ።

ዓርብ እንደዚያ የቀለለችኝ እጅ፣ ሰኞ አልነሳ አለችኝ። በግራ እጄ ክርኔን ደግፌ አወጣኋት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ተነስቼ ድምፄን መልሼ መውሰድ እፈልጋለሁ አልሁ። አፈ ጉባኤው በትሕትና፣ የተሰጠ ድምፅ አይመለስም፣ በአስተያየት ይያዝልሽ አለኝ።

"እንግዲያው አይመለስ" አልሁ። "ግን ከሥሩ ይጻፍልኝ። መምህርት ስንዱ እጇን ያወጣችው ሰነዱን ሳታነብ ነው ተብሎ ይጻፍ።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሳቁ አናደደኝና፣ ሐሙስ ለዝናብ ጥላ አድርጌው ነበር፣ እሱም ይጻፍ አልሁ። ጨርሰው ሳቁ። ሳቁ እስኪበርድ ቆሜ ጠበቅሁና የመጨረሻውን ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው፤ ለጤና ጣቢያው ግዥ ከተያዘው ላይ ተዛውሮ የሚለውን። እኔ ይህን ያነበብሁት ትናንት ነው፣ እናንተስ መቼ አነበባችሁት አልኋቸው። ከዚያ ከቆላው ቀበሌ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማላውቀው፣ ብትራቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሱ።

"እኔ ፊደል አልቆጠርሁም" አሉ። "ከፊት የተቀመጠችው መምህርት ስታወጣ አይቼ ነው ያወጣሁት። የኔም ይጻፍልኝ።"

ከአያ ካሴ ነገር ሁሉ ይህ ባሰብኝ። በሙሉ ድምፅ የተባለው ድምፅ ውስጥ ስንቱ የእኔን እጅ አይቶ እንዳወጣ ማን ያውቃል። ቀጥሎ አንዲት ሴት የኔም ይጻፍ አለች፤ ቀጥሎ ሁለት ሰው፤ ጸሐፊው መጻፍ አቅቶት ወደ አፈ ጉባኤው ይመለከት ጀመር። ዕረፍት ተባለ። ከዕረፍት ስንመለስ ደንቡ ለተጨማሪ ጥናት ወደ ኮሚቴ እንዲመለስ ተወሰነ።

ድል ነው ብላችሁ እንዳታጨበጭቡልኝ። የቤተሰቡ ክፍል በኋላ ከደንቡ ተሰረዘ፤ የቤት አበሉ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ስም ለብሶ ተመለሰና፣ እኔና ጥቂት ሰዎች ብንቃወምም ጸደቀ። የጣሪያው ቆርቆሮ ያን ዓመት አልመጣም። ትምህርት ሲከፈት ሦስተኛ ክፍልን ዝናቡ እስኪያልቅ የማያፈስሰው ጥግ ላይ ሰብስቤ ነው ያስተማርሁት፤ አንዳንድ ወላጅ በዚህ ተቀይሞኛል፣ አልፈርድበትም። የአበሉን ጭማሪ ልመልስ ብዬ ፋይናንስ ብሄድ፣ ገንዘብ የምንከፍልበት እንጂ የምንቀበልበት ቅጽ የለንም አሉኝ። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ ውስጥ ክኒን ሆኖ ወደ እትዬ ጠጅቱ ቤት ሄደ። ሙሉ ሙሉውን ይዋጡት ብዬ ብለምናቸው፣ ምላጩን መልሰሽ ውሰጅልኝ፣ ካየሁት መግመሴ አይቀርም ብለው ሰጡኝ። አሁን የእርሳስ መቅረጫዬ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ለራሳቸውና ለልጆቻቸው ቆርሰው በሚበሉት ላይ ስትቆጡ አያችኋለሁ፤ እኔም እቆጣለሁ። ቁጣው ልክ ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስቆጣ አንድ ነገር አስታውሳለሁ። ያ ደንብ የጸደቀው ክፉ ሰዎች ብቻ ስለፈለጉት አልነበረም። ሽሮ ስለሸተተን፣ ድግስ ስለነበረብን፣ ፎቶ ስለምንወድም ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ፣ በእድራችሁ፣ በሰበካ ጉባኤያችሁ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ቆም በሉ። እኔ አሁን በየስብሰባው ይነበብልኝ ስለምል ስሜ ይነበብልኝ ሆኗል፤ ስገባ ምሳችን ቀረ ብለው ያሾፉብኛል። ክፍል ውስጥም እጁን ያወጣ ልጅ ሳይ መልሱን ከመጠየቄ በፊት ጥያቄው ምን ነበር እለዋለሁ። ስንቱ እጁን ቀስ አድርጎ እንደሚያወርድ ብታዩ።

ከጉባኤው ማግስት የሆነውን፣ የማክሰኞውን፣ ለመጨረሻ ያቆየሁት ለእኔ ከአዳራሹ ስለሚበልጥብኝ ነው።

ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል የቤቴ በር ተንኳኳ። እትዬ ጠጅቱ ናቸው፤ ብቻቸውን፣ በምርኩዝ፣ ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ መጥተዋል። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

"ተሰረዘ?" አሉኝ።

"አልተሰረዘም እትዬ። ለጥናት ተመልሷል። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።"

"ያንች እጅስ?"

"ሳላነብ ነው ያወጣሁት ብዬ አጻፍሁ።"

"በሰው ፊት?"

"በሰው ፊት።"

ምርኩዛቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጽዋውን አምጥቼ አስረከብኋቸው። እልል የሚል ሰው አልነበረም። ይሄዳሉ ስል ገብተው ተቀመጡና ጽዋውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸው ማዕዱን ፈለገ።

"ድፎው አለቀ?"

"ማን ነክቶት እትዬ። ደርቋል እኮ፣ አራት ቀኑ ነው።"

"ቁረሽው።"

ቢላው አልቻለውም። በጉልበቴ ሰብሬ ሰጠኋቸው። ጠላ ውስጥ ነክረው፣ በቀሩት ጥርሶቻቸው ቀስ እያሉ ያኝኩት ጀመር። ዝም ብዬ ላሳልፈው አልቻልሁም። እትዬ፣ ዱቄቱ በዚያ አበል የተገዛ ነው አልኋቸው።

ማኘካቸውን አላቋረጡም። ውጠው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

"እና ብቻሽን ልትጨርሽው ነው?" አሉኝና እጃቸውን ደግመው ዘረጉ።